ኢያቄም አባ ውሃልክ ቡሎን ያሸነፈበት ቀን

ባሌ በእግር የሚረገጥ የእጅ ማስታጠቢያ ሠራ። ውሃው ወረደ። አባ ገብረ ሊባኖስ ታጠቡና የሚመርቁት ሰው አጡ። ወጡ ቀዘቀዘ።

ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ክብር ነው። እሱንም ትንሿ ልጃችን ሳትነቃ እጽፈዋለሁ።

እንግዲህ ስሙ። በዘመነ ማርቆስ፣ ኅዳር በገባ በዐሥራ ሁለት፣ በሊቀ መላእክት በቅዱስ ሚካኤል ቀን፣ በላስታ ምድር በላሊበላ ከተማ፣ ቧንቧ ለስሙ ነግሦ ጀሪካን አገር በሚገዛበት ዘመን፣ ኢያቄም እኔን ባገባ በዘጠነኛው ዓመት የሆነው ይህ ነው። ኢያቄም ማለት ስመ ፈረሱ አባ ውሃልክ፣ ጌታ ዘእርሳስ፣ ወልደ ማስመሪያ፣ መምህረ ማዕዘን፣ ጠማማ አይቶ የማያልፍ፣ ቢያልፍም እንቅልፍ የማይወስደው፣ በሕንፃ የተመረቀ፣ በበርጩማ የተፈተነ፣ በጠመኔ የነጣ ማለት ነው።

የጥንት ጌቶች ስመ ፈረስ የሚወጣላቸው ፈረስ ስላላቸው ነበር። የኢያቄም ፈረስ ባጃጅ ናት። እሷም የወዳጁ የሂሻም ናት።

አባ ውሃልክ የተባለበትም እንዲህ ነው። ሊያገባኝ ሽማግሌ የላከ ዕለት፣ ሽማግሌዎቹ ውስጥ ገብተው፣ እሱ እንደ ወጉ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ከኪሱ ውሃ ልክ አውጥቶ የእናቴን ግድግዳ ለካ፤ ለክቶም ዝም ማለት አልሆነለትምና በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «ይህ ቤት ወደ ምሥራቅ አዘንብሏል!» ብሎ አወጀ። ሽማግሌዎቹ አፈሩ። እናቴ ማሚቱ ሳቀች። «ቤቴ ማዘንበሉን ያየ፣ ልጄ ስታዘነብል ይደግፋታል» ብላ ሰጠችኝ። ግድግዳው አሁንም እንዳዘነበለ ነው።

የኢያቄም ዘመን በሦስት ይከፈላል።

ፊተኛው ዘመነ ሕንፃ ይባላል። በዚያ ዘመን ኢያቄም በአዲስ አበባ ተምሮ፣ ጥቅልል ወረቀት በብብቱ ይዞ ወደ አገሩ ገብቶ፣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ሆቴል ነደፈ፤ ክፍሉ ሁሉ ተራራውን እንዲያይ አዘዘ፤ መኝታው ያያል፣ ምግብ ቤቱ ያያል፣ መታጠቢያ ቤቱም ከወለል እስከ ጣሪያ መስተዋት ሆኖ ያያል። ዳሩ ግን ቅዳሜ ገበያ ከተራራው የሚወርደው ሕዝብም መታጠቢያ ቤቱን ያያል። ሕዝባችን ሰው አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ቆሞ እጅ ይነሳ ጀመር፤ አንድ የጀርመን ሰውም ሳሙና እንደተቀባ አጸፋውን መለሰ። በሦስተኛው ቅዳሜ መጋረጃ ተሰቀለ። ተራራው ተሸፈነ።

ከዚያም ወደ ፍላቂት ዘምቶ ለገብስ ነጋዴዎች መጋዘን ሠራ፤ እህሉ ነፋስ እንዲያገኝ ብሎ ከጣሪያው ሥር ክፍተት ተወ። የፍላቂት ነፋስ ግብዣ አይጠብቅም። ጣሪያው ተነሥቶ ወደ ጎንደር መንገድ ሄዶ ሚኒባስ አስቆመ። ኢያቄም ግን አልሸሸም፤ ሄዶ፣ ብርድ ላይ አድሮ፣ ክፍተቱን አጥብቦ፣ ጣሪያውን አስሮ ተመለሰ። አሁን ገብሱ አይነቅዝም። ይህን ማንም አያወራውም። ጣሪያው የሄደበትን ሁሉም ያወራል።

ቀጥሎ እንግዳ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ የምታውቁት ታውቃላችሁ። ሆቴል የሚያሠራ ቀርቶ ሆቴል የሚያድር ጠፋ። ዘመነ ሕንፃ በዚህ ተፈጸመ።

ካልኡ ዘመነ ዕቃ ነው። ሥራ የፈታ አርክቴክት ለቤት አደገኛ ነው። እርሳሱን ከሰማይ አውርዶ ወደ ጓዳዬ አዞረ። ላሊበላ ተዳፋት ናት፤ ሜዳ የሚባል የለንም። ኢያቄምም በልቡ መክሮ «መሬቱ ካዘነበለ በርጩማው ስለምን ቀጥ ይላል?» ብሎ አወጀና ሁለት እግሩ ረጅም፣ አንድ እግሩ አጭር የሆነ በርጩማ ሠራ። አጭሩ እግር ወደ ዳገቱ ከዞረ እንደ ዙፋን ይመቻል። ሐሰት አልናገርም፣ ይመቻል። ወደ ቁልቁለቱ ከዞረ ግን በርጩማው መንገደኛ ነው።

አባ ገብረ ሊባኖስ ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ተቀመጡ። እሳቸው የእኛም የማኅበራችንም ንስሐ አባት ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከደጃችን ተነሥተው እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ ሄዱ። እንደተቀመጡ ነው የሄዱት፤ ክብራቸው አልተነካም። ከዚያ ወዲህ ግን የኢያቄምን እጅ ሥራ ከመንካታቸው በፊት ያማትባሉ።

ሣልሱ ዘመነ ጠመኔ ነው፤ አሁን ያለንበት። የቴክኒክ ኮሌጁ የንድፍ መምህር ፈልጎ ጠራው። ኢያቄምም በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹን ወደ ፍልፍሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ወስዶ፣ ከላይ ከአፋፉ አቁሞ፣ ወደ ታች እያሳየ እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገረ፦

«አባቶቻችን ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልጫኑም! ዓለቱ አናት ላይ ቆመው ወደ ታች ቀነሱ! ቤተ ክርስቲያን ማለት የማያስፈልገው ሁሉ የተነሣለት ዓለት ነው። እናንተም ቀንሱ!»

አዋጁ ተሰማ። አንዱ ተማሪ መደገፊያ የሌለው ወንበር ነድፎ መጣ። ሌላው መቀመጫ የሌለው ነድፎ መጣ። ንጋት የምትባል ተማሪ ራሷን ከክፍሉ ቀንሳ ገነተ ማርያም ወርዳ የአባቷን ጤፍ አጨደች። ስትመለስ ኢያቄም ለሐሳቡ ግማሽ ማርክ ሰጣት።

ቤትም ቀነሰ። የድስቱን ክዳን ጉጥ ቀነሰ። እጄን ተቃጠልኩ። የሚያስፈልገኝን በአዋጅ ነገርኩት። ጉጡ ተመለሰ።

ልጅቷ ተገላበጠች። አልነቃችም።

አሁን እናቴ ጋ ልምጣ። ነገሩ የሷ ነው።

እናቴ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። የሚካኤል ማኅበርተኛ ናት፤ ማኅበሩ በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ለኛ የሚደርሰን በዓመት አንዴ፣ ኅዳር ላይ ነው። ወጉ እንዲህ ነው፦ ከማዕድ በፊት ባለ ተራው ለካህኑ እጅ ውሃ ያፈስሳል። አፍስሶም አንድ ስም ይናገራል። ካህኑ እጃቸው ሳይደርቅ ያንን ስም ይመርቃሉ። ሳይመረቅ እንጀራ አይቆረስም። ሳይመርቁ እጃቸው ከደረቀ ደግሞ የቤቱ ተራ አለፈ፤ ምርቃቱ ለከርሞ ነው።

እናቴ ሁልጊዜ የምታፈሰው ራሷ ናት። አባቴ ታሞ ሳለ እሱን ትጠራ ነበር። እኔ ምጥ ይዞኝ እኔን ጠራች። አሁን አዳምን ነው የምትጠራው። አዳም ወንድሜ ነው። በባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ገባ። ከፋሲካ ወዲህ አልደወለም። እሷ እንዳታለቅስ ብለን ቤት ውስጥ ስሙን አናነሣም። እሷም እኛ እንዳንጨነቅ ብላ አታነሣም። በዓመት አንድ ቀን፣ ማንቆርቆሪያውን ይዛ፣ በሰው ፊት ጮክ ብላ ትጠራዋለች። ያችን ቀን ነው የምትጠብቀው።

መስከረም ላይ ቀኝ ትከሻዋ ተያዘ። ጠበል ሞከርን፤ መርፌ ሞከርን። ክንዷ ከወገቧ በላይ አይነሣም። በግራ እጅ ለካህን ማፍሰስ ነውር ነው። «እኔ አፈስሳለሁ፣ ስሙንም እጠራለሁ» አልኳት። «የናት አፍ ሌላ ነው» አለችኝ።

ኢያቄም የሰማው ትከሻ የሚለውን ብቻ ነው። አዘነላት። እውነቴን ነው፣ በጣም ነው ያዘነላት፤ ያዘነ አርክቴክት ደግሞ እርሳስ ያነሣል።

እነሆ ኢያቄም አባ ውሃልክ ወደ ሂሻም ወረደ። ሂሻም በያጅ ነው፤ ከቆላ ወጥቶ እዚህ ብየዳ ቤት የከፈተ፣ ባሌን እብድ ነው እያለ የማይለየው ወዳጁ። ሁለቱም ሱባኤ እንደገቡ መነኮሳት ከሰው ተለዩ፤ ከቱቦላሬ ብረት ቁመት አበጁለት፤ በራሱ ላይ እንደ አክሊል ጀሪካን ጫኑለት፤ ከባጃጅ ፍሬን ፔዳል ሰጡት፤ ከአሮጌ ፍራሽ ሞላ አወጡለት፤ ከእግሩ ሥር ሳፋ አነጠፉለት፤ አረንጓዴም ቀቡት። የሚታጠበው ሰው ራሱ ይረግጣል፤ ውሃ ይወርዳል፤ እግሩን ሲያነሣ ይቆማል።

በመካከል አንድ ጠብ ተነሣ። ሂሻም ሲበሳ ተሳስቶ ፔዳሉ የሚታሰርበትን ቀዳዳ በሁለቱም በኩል በስቶት ነበር፤ በሚታጠበው በኩልም፣ በማዶውም። ኢያቄምም ተቆጥቶ «የማያስፈልግ ቀዳዳ! ይቀነስ!» ብሎ አወጀ። ሂሻምም በመልስ አዋጅ «ጋሼ፣ ወላሂ ዛሬስ ለየልህ። ቀዳዳ'ኮ ራሱ የተቀነሰ ነው፤ ከየት ነው የምቀንስልህ?» አለ። ቀዳዳው ቀረ። ይህን ቀዳዳ ያዙልኝ።

የበዓሉም ዕለት ጧት ማስታጠቢያው በባጃጇ ላይ ቆሞ፣ ኢያቄም ከኋላ አቅፎት፣ ሂሻም እየነዳ፣ ኅዳር ሲታጠን ነውና ቆሻሻ የሚያቃጥለው የሰፈሩ ጭስ ግራና ቀኝ እየታጠነለት፣ ሁለት ውሻና አንድ ባለ ጀሪካን እየተከተለው ወደ ቤታችን ገባ። ከደጅም ደርሶ ኢያቄም ድምፁን ከፍ አድርጎ አወጀ፦

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ማንም ለማንም ማንቆርቆሪያ አይሸከምም! እማማም ዐርፈው ይቀመጣሉ! አስታጣቢው ተቀንሷል!»

እናቴ ፎጣ እያጠፈች ነበር። አጥፋ ጨረሰች። ፈታችው። እንደገና አጠፈችው።

ወደ ጓዳ ስትገባ ተከተልኳትና «ልንገረው?» አልኳት።

«ተይው» አለችኝ። «ለኔ ብሎ ነው የደከመ። ሰው ፊት አታሳፍሪው።»

ተውኩት። ወጥ ላይ ነበርኩ።

የማኅበሩም ሰዎች ገቡ። እነርሱም፦ ከፋለ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪያችን፣ ሆዱ ቀድሞ ገብቶ ራሱ የሚከተል፤ አረጋ አስጎብኚው፣ እንግዳ ከጠፋ ወዲህ ማንንም ሰው ካገኘ የሚያስጎበኝ፤ ኤልሳቤጥ፣ የባለ መስተዋቱ ሆቴል እመቤት፣ እስከ ዛሬ ባሌ ላይ የመጋረጃውን ነገር የምታነሣበት፤ ሌሎችም የእነርሱ ተከታዮች፣ ስማቸው በእግዚአብሔር ዘንድ የታወቀ፣ ሁሉም የተራቡ። ሂሻምና ሚስቱ ዙልፋም መጡ፤ በእጃቸው ያረዱት ዶሮ ለብቻው ደጅ በተጣለው ዳስ በኩል ተሠርቶላቸው ነበርና እዚያ ተቀመጡ። በመጨረሻም አባ ገብረ ሊባኖስ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። ሁሉም ተነሣ። አባ ማስታጠቢያውን አዩት።

አማተቡ።

አረጋም ሳይጠየቅ ቀደመና «በዚህ በኩል የምትመለከቱት በእግር የሚሠራ…» ብሎ ጀመረ። ከፋለ ዝም አሰኘው።

ኢያቄም እጅ ነሥቶ «አባ፣ ይርገጡት። አይናከስም» አላቸው። አባም «በርጩማውንም አይናከስም ብለኸኝ ነበር» አሉ፤ ረገጡም። የፍራሹ ሞላ ጠንካራ ነው። የመጀመሪያው ውሃ እጅጌያቸውን አልፎ ከፋለን መታው። ሁለተኛው ልኩን አገኘ። አባም በሳሙና ታሹ፣ ታጠቡ፣ እግራቸውን አነሡ። ውሃው ቆመ። ጠብ አላለም። ኢያቄም ፊቱ በራ። ያን ጊዜ ብታዩት ትወዱት ነበር።

አባም እርጥብ እጃቸውን ወደ ላይ ይዘው ወደ ቀኝ አዩ። ወደ ግራ አዩ። ከኋላቸውም አዩ። እንዲህም ብለው አወጁ፦

«ማን ነው ያስታጠበኝ?»

ኢያቄም «እርስዎ ራስዎ ነዎት አባ» አለ። «በእግርዎ።»

«እኔ?»

«አዎ አባ።»

«እንግዲያ ራሴን ልመርቅ? እደግ ተመንደግ ልበል ለራሴ? ወዴት ነው የማድገው በዚህ ዕድሜዬ፣ አንተ ኢያቄም?»

በወንበር ጫፍ አንድ ሰው ሳቀ፤ ዞር ሲሉበት ሳል አደረገው።

እንግዲህ ጉባኤ ሆነ። ከፋለ «ዕቃውን ይመርቁልንና እንብላ አባ» አለ። አባም «ብረት አሜን ይላል? አሜን የሚል አምጡልኝ» አሉ። ከፋለ «እኔ አሜን እላለሁ» አለ። አባም «አንተ ባለፈው ወር ተመርቀሃል፤ ያውም አሳምሬ። ሆድህን አላየኸውም?» አሉት። ኢያቄም ወደ ዳሱ ጮኾ «እሺ የሠራውን፣ ሂሻምን ይመርቁ» አለ። ሂሻምም ከዳሱ ሆኖ «አባ ከመረቁኝ አሚን ነው፣ ምን ገዶኝ! ግን ውሃውን አላፈሰስኩም፤ በሐራም ምርቃት አልበላም» ብሎ መለሰ። ዙልፋ «ብላ ዝም ብለህ» አለችው። ኤልሳቤጥ «መጋረጃ ይሰቀልበት» አለች። ማንም አልተረዳትም፤ ባሌ ግን ተረዳ።

ኅዳር ነው። ነፋሱ ደረቅ ነው። የአባ አውራ ጣት ደረቀ። አረጋ አይቶት ለሁሉም ነገረ።

ያን ጊዜ እናቴ ፎጣዋን ይዛ ከጓዳ ወጣች። በግራ እጇ፣ ዝቅ አድርጋ፣ ዘረጋችላቸው። ቀኟ ከጎኗ ተንጠልጥሏል። አባ ፎጣውን አልተቀበሉም። «ፎጣ ይቆየኝ ማሚቱ። ገና አልመረቅሁም» አሉ። እሷም ዘንድሮም እንደ ሁልጊዜው እፊታቸው ቆማ ስለነበር፣ እርጥብ እጅም ስላየች፣ አፏ ከሷ ቀደመና

«አዳምን» አለች።

ከዚያ አለማፍሰሷ ትዝ አላት። አፏን በፎጣው ያዘች።

ማንም አልሳቀም።

ኢያቄም ያየው ፎጣውን ነው፣ ወይስ እጇን፣ አላውቅም። ብቻ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ቀን በፊት ግድግዳ ሲያዘነብል እንጂ ሰው ሲያዘነብል ቶሎ አይታየውም ነበር። ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጭልፋ ይዣለሁ። በጭልፋው ወደ እናቴ ጠቆምኩለት።

ኢያቄም አባ ውሃልክ፣ ጌታ ዘእርሳስ፣ በኮሌጁና በቤቱ ያወጀውን አዋጅ፣ በማኅበሩ ፊት፣ አንድ ተማሪው እንኳ በሌለበት፣ እንዲህ ሲል ሻረ፦

«ቀንሱ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ቁልፍ አምጡ!»

የሚደረገው ትንሽ ነገር ነው። ፔዳሉን ከሚታጠበው በኩል ፈትቶ ወደ ማዶው ማሰር። ማዶ የቆመ ሰው ይረግጣል፤ ወዲህ የቆመ ይታጠባል። ቀዳዳው አለ፤ ያ ሳይቀነስ የቀረው። የቀረው አንድ ቡሎን መፍታት ነው።

ቡሎኑ ግን ከነአረንጓዴ ቀለሙ ደርቋል። ሰልፉም በዚህ ተከፈተ።

ኢያቄም ጋቢውን ጥሎ፣ ዐሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ እንደ ጦር ጨብጦ፣ በሳፋው አጠገብ በጀርባው ተኝቶ ወደ ማስታጠቢያው ሥር ገባ፤ ጠመዘዘ። ቡሎኑ እምቢ አለ። ሁለተኛ ጠመዘዘ፤ ቁልፉ አመለጠና የጣቱ አንጓ ተላጠ፤ ደምም ፈሰሰ፣ ትንሽ ነው፣ ግን ፈሰሰ። ከፋለ በቀኝ ክንፍ ተሰልፎ ቱቦላሬውን ያዘ። አረጋ በግራ ክንፍ ተሰልፎ የሰልፉን ሁኔታ ለኋላ ሰዎች ተረከ፤ መሐል ላይ በልማዱ ወደ ፈረንሳይኛ ገባ። ጀሪካኑ ተናወጠ። ውሃም በባለ ብዙ ማዕረጉ አንገት ወረደ።

በዚህ መካከል የአባ ሌባ ጣት ደረቀ። የመሐል ጣታቸውም ተከተለ። አባ እጃቸውን ከነፋሱ ለማስጣል ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ኢያቄም! ቶሎ በል! ቀኙ አለቀ፣ ግራው ላይ ነኝ!» ብለው አወጁ። እናቴ ከማዶ ቆማለች። ማንም ቁሚ አላላትም። ራሷ ሄዳ ቆመች።

ወጡ ቀዘቀዘ፤ ተናገርኩ። ማንም አልሰማኝም። ስለዚህ ወደ ጓዳ ገብቼ ዘይት ይዤ ወጣሁ። የወጥ ዘይቴን። ተንበርክኬ ቡሎኑ ላይ ጠብ አደረግሁ። ኢያቄም ከሥር ሆኖ «እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። «ፍታው ብቻ» አልኩት።

ሂሻምም ከዳሱ ዘልሎ መጣ፤ ጣቱ የዶሮ መረቅ እንዳለበት፣ የቁልፉን ጫፍ ከኢያቄም እጅ ጋር ደርቦ ያዘ። «ቢስሚላህ!» አለ። አባም ከግድግዳው በኩል፣ እጃቸውን እንደያዙ፣ «በስመ አብ!» አሉ። ቡሎኑ ጮኸ። ዞረ። በየትኛው እንደዞረ እስከ ዛሬ ሁለቱ ይከራከራሉ። እኔ ዘይቱ ነው እላለሁ።

ፔዳሉ ተፈታ፤ ወደ ማዶ ተሻገረ፤ ታሰረ። አባ ወደ ማስታጠቢያው ሮጡ፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በግራ እጃቸው በትንሿ ጣት ላይ አንዲት ጠብታ ቀርታ ነበር። እንዳትወድቅ ቀጥ አድርገው ይዘዋታል። አረጋ «አለች! አለች!» እያለ ይከተላል።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። እግሯን አነሣች። ረገጠች።

ውሃው ወረደ። በልኩ ወረደ፤ በሷ እግር አልተረጨም። አባ ታጠቡ። ሳሙና አልነኩም፤ ውሃውን ብቻ አሳለፉ፣ እሷ እስክታነሣ ድረስ። ቶሎ አላነሣችም።

ከዚያም አባ እጃቸውን ይዘው «ማንን ልጥራልሽ ማሚቱ?» አሉ።

«አዳምን» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው። ዳሱ ድረስ ተሰማ።

አባም ሁለት እርጥብ እጃቸውን ዘርግተው እንዲህ አወጁ፦

«አዳም! ባለህበት ውሃ አይጥማህ። ባለህበት ክፉ አይይህ። ድምፅህን ያሰማን። ማሚቱ፣ አንቺ በእግርሽ እንዳስታጠብሽኝ፣ እሱ በእግሩ መጥቶ በእጁ ያስታጥብሽ!»

ቤቱ አሜን አለ። ዳሱ አሚን አለ። እናቴ አሜን ለማለት ሁለት ጊዜ ሞከረችና በሦስተኛው ወጣላት። ፎጣውን ዘረጋች፤ አባ ተቀበሉ፤ ጥግ ጥጉን ለሷ ተዉላት፤ ዓይኗን ጠረገችበት።

ከዚያ ጉድ መጣ። ከፋለ «እኔም ልታጠብ» ብሎ ተነሣ፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰለፈ፤ ሁሉም በማሚቱ እግር ካልታጠብን አሉ። እሷም ቆማ ትረግጣለች። ትከሻዋ ዐርፏል፤ እሷ ግን አላረፈችም። ኢያቄም «እማማ፣ ይበቃዎታል፣ ይቀመጡ» ቢላት «ዞር በል ልጄ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለችው። አባ ገብረ ሊባኖስም ማስታጠቢያውን ሁለተኛ ጊዜ አዩት። አላማተቡበትም። ከታሪኩ ሁሉ ይህን ትልቁ ድል ነው የሚለው ባሌ።

እንግዲህ ምስጋና ይገባል። ሞገስ ይሁን ለኢያቄም አባ ውሃልክ፤ ሆቴል ሠርቶ ተራራውን ለሰው፣ ሰውን ለተራራው ላሳየ፤ የፍላቂትን ነፋስ ታግሎ ገብሱን ላዳነ፤ በርጩማ ሠርቶ ካህን ላስጓዘ፤ ቀንሱ ብሎ አስተምሮ፣ የቀነሰው ሰው መሆኑን ባየ ጊዜ በጀርባው ተኝቶ፣ በውሃ ርሶ፣ ጣቱ ተልጦ መልሶ ለጨመረ። እርሳሱ አይሰበር። ቡሎን አይከብደው። ሰኞ ጧት ኮሌጅ ገብቶ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፈውን «ቀንሱ» የሚል ቃል አጥፍቶ ሌላ ጻፈ አሉ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ንጋት ግን በክፍሉ ነበረች። ስሙ በላስታ ከዘመን ዘመን ይጠራ፤ ግድግዳ ባዘነበለበት ሁሉ ይጠራ።

እኔ ወጡን መልሼ ጣድኩ።